የዳኛዋ ድምፅ

«ዳኛዋ» የሚለውን ስም ያወጣላት ወንድሟ ነው። አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ቤተሰቡ ቴሌቪዥን ፊት ቁጭ ብሎ ኳስ ሲያይ፣ የመሀል ዳኛው ዓይን ያወጣ ጥፋት አይቶ እንዳላየ አለፈ። ሁሉም ሲጮህ እሷ ዝም ብላ ሥራዋን ትሠራ ነበር። ጩኸቱ በርዶ ጨዋታው ከቀጠለ በኋላ፣ ጥግ ላይ ካለው ኮምፒውተር ጥርት ያለ የሴት ድምፅ ወጣ።

«ይሄ ሰውዬ ዓይኑን እቤቱ ረስቶት ነው የመጣው?»

እናቷን ሳቅ ገደላት። ወንድሟ ከሶፋው ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ተዘረፈጠ። «በቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ ዳኛዋ አንቺ ነሽ» አላት። ስሙም በዚያው ጸና።

ከተወለደች ጀምሮ እጇም፣ እግሯም፣ ምላሷም አይታዘዟትም። የሚታዘዛት አንገቷ ነው፤ እሱም ወደ ቀኝ ብቻ። ልጅ ሳለች «አዎ» ለማለት ዓይኗን ወደ ላይ ታነሳለች፣ «አይ» ለማለት ትጨፍናለች፤ ከዚህ ሌላ ቋንቋ አልነበራትም። ካደገች በኋላ ግን ለአካል ጉዳተኞች የተቋቋመ አንድ የተሃድሶ ማዕከል ውስጥ ያለ ቴክኒሻን በገዛ እጁ የጻፈውን ፕሮግራም ኮምፒውተራቸው ላይ ጫነላት። ከተሽከርካሪ ወንበሯ መደገፊያ በስተቀኝ፣ ልክ ጆሮ ግንዷ የሚደርስበት ቦታ፣ ትልቅ ክብ ቁልፍ ገጠመላት። ስክሪኑ ላይ ሳጥኖች ተደርድረዋል፤ ብርሃን ከሳጥን ወደ ሳጥን ይሄዳል፤ የምትፈልገው ላይ ሲደርስ ቁልፉን በጆሮ ግንዷ ነካ ታደርጋለች። ኮምፒውተሩም ይናገርላታል። ድምፁን የሰጠችው የማዕከሉ ጸሐፊ ናት። ማይክሮፎን ፊት ቁጭ ብላ ፊደሉን ከዳር እስከ ዳር፣ ከዚያም ቃላቱን አንድ በአንድ ስታነብ ከርማለች ይባላል። ያቺን ሴት ከቤተሰቡ ማንም አይቷት አያውቅም። ከጊዜ በኋላ ድምፁ የሌላ ሰው መሆኑን ራሱ ረሱት፤ የዳኛዋ ድምፅ ሆነ።

መጀመሪያ ሳጥኖቹ ውስጥ የነበሩት «ውሃ»፣ «አመመኝ»፣ «አዙሩኝ» የሚሉ ነገሮች ነበሩ። የቀረውን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሞላችው እሷ ናት። ለእናቷ ብቻ የሚሆን ሳጥን አላት፦ «እማዬ፣ ይሄን ነግረሽናል።» ለአክስቷ የሚሆን አላት፦ «መጣች፤ ወሬ ደብቁ።» ረጅሙን ነገር የምታሳጥርበት የራሷ ምልክት፣ ሰዉን ሁሉ የምትጠራበት የራሷ ቅጽል ነበራት። እናቷ ቤት ውስጥ ልብስ ትሰፋለች፤ ቀሚስ ሊለኩ የሚመጡ ሴቶች መስታወቱን ትተው ወደ ዳኛዋ ይዞሩ ነበር። «ጥሩ ነው፤ ግን ለሌላ ሰው» ትላቸዋለች። ተናደው የወጡ አሉ። ተመልሰው ያልመጡ ግን የሉም።

ችግሩ የመጣው ኮምፒውተሩ ሲያረጅ ነው። ቫይረስ ገባበት። ማንም ያልጠራው ማስታወቂያ እየዘለለ ሳጥኖቿ ላይ ይቀመጣል፤ ወሬ ጀምራ መሀል ላይ ራሱን አጥፍቶ ይነሳል። አንድ ቀን አክስቷ መጥታ ሳለ ዳኛዋ ቀልድ ጀመረች። ቀልዱ ረጅም ነበር፤ አክስቷም ነገሩ ገብቷት አስቀድማ መሳቅ ጀምራለች። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ኮምፒውተሩ አንድ ፊደል ላይ ተቸከለና «ከ፣ ከ፣ ከ፣ ከ» እያለ ቀረ። ወንድሟ ሮጦ ገመዱን ነቀለው። ዳኛዋ አለቀሰች። እሷ ስታለቅስ ፊቷን መሸፈን አትችልም፤ ሁሉም እያያት ነው የምታለቅሰው።

ወንድሟ ፍሪጅ ጠጋኝ ነው። በሙያው እጁ የተመሰከረለት ነው፤ የተበላሸ ነገር አይቶ ማለፍ አይሆንለትም። በነጋታው ወርክሾፕ ውስጥ አንድ ሞተር ፈታተው ተቀምጠው ሳለ ነገሩን ለሥራ ባልደረባው ለቀጮ አጫወተው። ቀጮ ከስሙ በቀር ሁሉ ነገሩ ወፍራም ሰው ነው፤ ለኮምፒውተር ነፍሱን ይሰጣል።

«ሲስተሙን ለምን አትቀይረውም?» አለው። «ሊኑክስ ጫንበት። በነፃ ነው፤ ማንም ባለቤት የለውም፤ የዓለም ሰው ተባብሮ የሠራው ነው። ቫይረስ ምናምን እዚያ ቤት ብዙም ዝር አይልም። ያንተ አሮጌ ኮምፒውተር እንደ አዲስ ይነሳልሃል።»

«የሷ ፕሮግራምስ? ለድሮው ሲስተም የተሠራ እኮ ነው።»

«የድሮውን ፕሮግራም አዲሱ ላይ የሚያስኬድ ነገር አለ። ብዙዉ ይሠራል።»

«ብዙዉ» የምትለዋን ቃል ወንድሟ ሰምቷታል። ግን ልቡ ቀድሞ ነጉዶ ነበር።

ቀጮ ሲስተሙን በፍላሽ ሰጠው። ሳይጫን፣ ከፍላሹ ላይ ብቻ አስነስቶ ማየት እንደሚቻል አሳየው። ቅዳሜ ጠዋት እቤት ሞከረው። ያ ለመነሳት የሚያቃስት ኮምፒውተር እልም ብሎ ጠፍቶ ቦግ ብሎ በራ። ንጹሕ ሰማያዊ ስክሪን፤ ማስታወቂያ የለ፣ ማቃሰት የለ። ወንድሟ እንደ ልጅ ደስ አለው። የድሮውን መልሶ አስነሳና እህቱን ቁልፏ ጋ አስጠጋት።

«አየሽው አይደል? ልቀይረው?»

ብርሃኑ ሳጥኖቹን ዞረ። «ፕሮግራሜስ?»

«እሱን ለኔ ተይው።»

«እፈራለሁ።»

«አንቺ? ከመቼ ወዲህ?»

ቆየት ብላ ነካች። «እሺ። ቶሎ በል ግን፤ ማታ ብዙ የምናገረው አለኝ።»

ሥራውን በጥንቃቄ ነው የሠራው፤ ይሄን ማንም አይክደውም። ፎቶዎቹን ገለበጠ። የእናቱን የልብስ ንድፎች ገለበጠ። ዳኛዋ የጻፈቻቸውን ገጾች ገለበጠ። የንግግሩ ፕሮግራም ያለበትን ፎልደር እንዳለ ገለበጠ። ሁለት ጊዜ ቆጥሮ አመሳከረ። ከዚያ ስክሪኑ «ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ ይቀጥል?» ብሎ ጠየቀው። ቀጥል አለው።

አዲሱ ሲስተም ተጭኖ ሲያልቅ ገና ምሳ አልደረሰም። እናትየው ከስፌቷ ተነስታ መጥታ ከኋላው ቆመች። ቀጮ እንዳሳየው አድርጎ ፕሮግራሙን ከፈተው። ተከፈተ። «ይኸው!» ብሎ ዞረ፤ ዞር ብሎ የእህቱን ፊት ሲያይ ግን ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ። ሳጥኖቹ አሉ፤ ውስጣቸው ባዶ ነው። ብርሃኑ ከባዶ ወደ ባዶ ይሄዳል። ዳኛዋ አንዱን ነካች። ምንም ድምፅ አልወጣም። ሌላውን ነካች። ከዚያ ቁልፉን ደጋግማ፣ ደጋግማ መታችው፤ ጭንቅላቷ ከመደገፊያው ጋር ሲጋጭ ድምፁ ይሰማ ነበር። እናቷ ሄዳ ያዘቻት።

ነገሩ ለቀጮ ገባው፤ ስልክ ተደውሎለት ወዲያው ነው የመጣው። ፕሮግራሙ ሌላ ቦታ፣ ቃላቷና ድምፁ ደግሞ ሌላ ቦታ ነው የሚቀመጡት፤ ሰው እንዳይነካካው ተብሎ ከዓይን የተሰወረ ፎልደር አለ። ወንድሟ ያንን አልገለበጠም። መኖሩንም አያውቅም ነበር። ቀጮ ይህን ሲናገር ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው፤ ግን ዳኛዋ አካሏ ነው እንጂ ጆሮዋ ምንም አልሆነም። ሁሉን ሰማች።

ሰኞ ወንድሟ ከሥራ ቀርቶ ዲስኩን ነቅሎ የጠፋ ፋይል ያወጣል ወደተባለ ሰው ወሰደው። ሰውዬው ጠባብ ሱቅ ውስጥ በተሰበሩ ስልኮች መሀል የሚሠራ፣ ትዕግሥተኛ ሰው ነው። ዲስኩን ተቀብሎ በሳምንቱ መልሶ ጠራው።

«ወንድሜ፣ ልዋሽህ አልፈልግም» አለው። «አጥፍተኸው ብቻ ቢሆን አወጣልህ ነበር። አንተ አሮጌውን ቤት አፍርሰህ እዚያው ላይ አዲስ ቤት ሠርተሃል። ከሥር ያገኘሁት ስብርባሪ ነው።»

«ስብርባሪውን ስጠኝ።»

ሰውዬው ያገኛቸውን ድምፆች አንዱን አጫወተለት። «…ለ…» አለች ያቺ ሴት፤ የዳኛዋ ድምፅ። ሌላውን አጫወተለት፤ እሱ ውስጥ ጸሐፊዋ ጉሮሮዋን ስትጠርግ ነው የሚሰማው። የቀሩት እንደ ዝናብ ይንሿሿሉ። ወንድሟ ጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «በቃ» አለ። ወሽመጡ የተቆረጠው ያኔ ነው።

ማዕከሉን ፍለጋ ሄደ። ማዕከሉ ከተዘጋ ቆይቷል፤ ግቢው የመኪና መለዋወጫ መጋዘን ሆኗል። ከጎኑ ባለች ሱቅ የምትሠራ ሴት የድሮውን ጥበቃ ታውቃለች፤ ጥበቃው የቴክኒሻኑን ስልክ ያውቃል። ቴክኒሻኑ ሌላ አገር ነው ያለው። ስልኩን አነሳ፤ ወዲያው አስታወሳቸው።

«ያቺ ተናጋሪዋ ልጅ? እንዴት ናት?»

«ደህና ናት» አለ ወንድሟ። ከዚያ ሌላው ሁሉ ወጣ። «እርስዎ ጋ ቅጂ ይኖራል ብዬ ነው። የድምፁ እንኳ ቢሆን።»

«ሁሉም የማዕከሉ ኮምፒውተር ውስጥ ነበር» አለ ቴክኒሻኑ። «ሲዘጋ ዕቃውን ጠራርገው ነው የወሰዱት። ቅጂ መያዝ ነበረብኝ፤ ማን አሰበው?»

«ጸሐፊዋስ? እሷን ባገኛት…»

«አርፋለች እኮ ልጄ። ሦስት ዓመት ሆናት።»

ለእናቱና ለእህቱ ይህን አልነገራቸውም። አልተገኘችም ብቻ አላቸው።

ቤቱ ወደ ዓይን ማንሳትና ወደ ዓይን መጨፈን ተመለሰ። ሌላ ሰው ቢያየው እህ፣ ይግባባሉ እኮ ይል ነበር። ራበሽ? አይ። ጠማሽ? አዎ። ትንሽ ልጅ በዚህ ይያዛል። የሃያ ስድስት ዓመት ሴት ግን የምትለው ሌላው ሊጠይቃት ያሰበውን ብቻ ከሆነ የሷ ነገር የታለ? እናቷ ቀሚስ ሊለኩ ለመጡ ሴቶች፣ «ዛሬ ደከም ብሏታል» ትላቸዋለች። ሴቶቹም ዳኛዋን በሚያሳዝን ዓይን አይተው፣ ከፍ ባለ ድምፅ፣ ቃል እየጎተቱ «ደ…ህና ነሽ?» ይሏታል። ድምፁ ሳለ ማንም እንዲህ አናግሯት አያውቅም ነበር።

አንድ ረቡዕ ዳኛዋ አንድ ነገር ፈለገች። ዓይኗን ከእናቷ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ እናቷ ታመላልሳለች።

«መውጣት ነው?» አይ። «ሰው ነው? ሰው ይምጣልሽ?» ወደ ላይ አየች፤ ወዲያው ግን ጨፈነች። «አመመሽ?» አይ። «በሩ ይዘጋ? ነፋስ ነው?» አይ። «ወንድምሽን ፈልገሽ ነው?» ዓይኗ ቆየ፤ ከዚያ ጨፈነች። እናቷ መቀሱን አስቀምጣ ፊት ለፊቷ ተንበረከከች። የምታውቀውን ሰው ሁሉ ስም ጠራች፤ የቤቱን ዕቃ አንድ በአንድ ጠራች። ወንድሟ ከሥራ ሲገባ እሱም ቀጠለ። በነጋታውም መላልሰው ጠየቁ። አላገኙትም። ዓርብ ዕለት ገና ሊጠይቋት ሲጀምሩ ዓይኗን ጨፈነች፤ ጥያቄው ሳያልቅ። ከዚያ በኋላ ወደ በሩ አላየችም።

እናትየው ወጥ ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፍታ አለቀሰች። ልጇ ተከትሏት ገባ።

«ምን ነበር ይሆን?» አለችው። «እሳት ነው እንበል። ሌባ ነው እንበል። ምን ነበር?»

«አላውቅም እማዬ።»

«ቅያሜ አይደለም የያዝኩብህ። ለደግ ብለህ ነው። ግን ፊትህን ባየሁ ቁጥር ዝምታዋ ነው የሚሰማኝ። ምን ላድርግ?»

ቧንቧውን ዘጋ።

በዚያው ሳምንት እህቱ ወንበር አጠገብ በርጩማ አምጥቶ ተቀመጠና፣ ብዙ ቀን ሲሸሸው የከረመውን ጠየቃት።

«ተቀይመሽኛል?»

ወደ ላይ አላየችም። አልጨፈነችም። ትክ ብላ አየችው።

«አዎም አይደለም፣ አይም አይደለም?»

ወደ ላይ አየች።

«ጥያቄው ልክ አይደለም?»

ወደ ላይ አየች፤ ቶሎ። ፊቷ ድምፁ ከጠፋ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሕይወት ዘራ። ወንድሟም ልክ የሆነውን ጥያቄ ፍለጋ ገባ። አዝነሽብኛል? ፈርተሻል? ይቅር ብለሽኛል? እንዳላፍር ብለሽ ነው? ለእማዬ አዝነሽ ነው? እያንዳንዷን ስትሰማ ዓይኗ ሲጠብቅ፣ ሲደክም፣ ሲጨፈን አየ። እሷ ውስጥ ያለው ነገር ምን እንደሆነ አያውቅም፤ ምን ያህል ርቆ እንዳለፈው ብቻ ያያል። ጥያቄ አለቀበት። እጇን ያዘ።

ቀጮ ግን አልተዋቸውም። በአዲሱ ሲስተም ላይ የሚሠሩ፣ በዓይን አይተዋቸው የማያውቁ ሰዎች ኢንተርኔት ላይ አሉ፤ እሱ አገናኘውና ወንድሟ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ችግሩን ጻፈላቸው። ከተለያየ አገር መለሱለት። አንዱ ሳጥን የሚሠራ ፕሮግራም ላከለት፤ ሌላዋ በዚያ ላይ ፊደሉን እንዴት እንደሚያስገባ በትዕግሥት አስረዳችው። ስለ እህቱ ደህንነት ይጠይቁት ነበር። ማንም አንድ ነገር ክፈል አላለውም፤ ያ ደግነት ራሱ ያስለቅሰው ነበር፤ የጠፋውን ሊመልሱለት እንደማይችሉ እነሱም እሱም ያውቃሉና። ወራት ፈጀ። መጨረሻ ላይ ሥራውን ጨረሰው። ፊደሉ ብዙ ስለሆነ መጀመሪያ ቤቱን፣ ቀጥሎ ከቤቱ ውስጥ ፊደሏን መምረጥ ነበረባት። ቃል ሲሞላ ኮምፒውተሩ ያነበዋል። ለቋንቋቸው የተገኘው ድምፅ ግን አንድ ብቻ ነው፤ ባዶ በርሜል ውስጥ ሆኖ የሚናገር፣ ወንድ ይሁን ሴት የማይታወቅ፣ ቃሉን የሚያኝክ ድምፅ።

ቅዳሜ ጠዋት አስጠጓት። እናትየው ስፌቷን አቁማ መጣች፤ ቀጮም ባርኔጣውን አውልቆ በሩ ሥር ቆመ። ዳኛዋ ብርሃኑን እየተከተለች ቁልፉን ነካች። ፊደል ለቀመች። ተሳሳተች፣ አጠፋች፣ እንደገና ለቀመች። ላብ ከግንባሯ ወረደ፤ እናቷ ጠረገችላት። ጠዋቱ እንዲሁ አለፈ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ በርሜሉ ተናገረ፦

«ይሄ ድምፅ እኔ አይደለሁም።»

ወንድሟ «ትለምጂዋለሽ፤ እናሻሽለዋለን» አላት። ቀጮ «ጀማሪ ነው ገና፣ እያደር ያምራል» አለ። እሷ ጭንቅላቷን ከቁልፉ አሸሸች።

ከዚያ ወዲያ ስትናገር ለግድ ብቻ ሆነ። «ውሃ።» «አዙሩኝ።» «ይበቃል።» እናቷ ድምፁን መስማት ስላስጠላት እንዲጠፋ አድርጋ መነጽሯን እያጠለቀች ከስክሪኑ ራሷ ታነብላት ጀመር። ግን እናት ናትና ስታነብ ታለሳልሰዋለች። «ተዉኝ» የሚለውን «ተዉኝ፣ እባካችሁ» በሚል ቃና ታነበዋለች። ዳኛዋ ይህንን ስትሰማ ዓይኗን ትጨፍናለች። ቀልድ የለ። አጉል ቅጽል ስም የለ። አክስቷ መጥታ ስታወራ ስታወራ ትቆይና፣ እንደ ልማዷ ወደ ዳኛዋ ዞር ትላለች፤ መልስ ስትጠብቅ ደቂቃው ይረዝማል፤ ቦርሳዋን አንስታ ትሄዳለች። አሁን አሁን መምጣቱንም ቀንሳለች።

ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ በወጣበት በአንዱ ቀን ዳኛዋ አንዲት ቃል ጻፈች። «አንሱት።»

«ምኑን?» አለ ወንድሟ። እያወቀ ነው የጠየቀው።

ዓይኗን ወደ ቀኝ፣ ወደ ቁልፉ አደረገች።

«አይሆንም። ዛሬ ደክሞሽ ነው። ሌላ ድምፅ እየሠሩ ነው፤ ጽፈውልኛል እኮ።»

በነጋታውም ጻፈችው። በሳምንቱም። ሌላ ምንም አትጽፍም ነበር፤ ውሃም አትጠይቅም፤ ያችን ቃል ብቻ። እናትየው ስታነብላት ማለሳለሱንም ተወችው። አንድ ቀን መነጽሯን አውልቃ ልጇን አየችው።

«ጠይቀናት የነበረው እንድትናገር አልነበረም?» አለችው። «ይኸው ተናገረች።»

ወንድሟ የመሣሪያ ሳጥኑን አመጣ። ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈታ። እጁ የሠለጠነ ስለሆነ ሥራው ብዙ አልፈጀም፤ ቢፈጅለት ደስ ባለው ነበር። ቁልፉን ነቅሎ ሽቦውን ጠቀለለና የት እንደሚያስቀምጠው አጥቶ ይዞት ቆመ።

«እንዲህ ነው የፈለግሽው?» አላት።

ዳኛዋ ወደ ላይ አየች።

እናቷ ወንበሯን ገፍታ ፀሐዩ ወዳለበት መስኮት ወሰደቻት፤ ብርድ ልብሱንም ጉልበቷ ላይ አስተካከለችላትና ወደ ስፌቷ ተመለሰች። ወንድሟ ኮምፒውተሩን ሊያጠፋ ጎንበስ አለ። ስክሪኑ «ይጥፋ?» ብሎ ጠየቀው። አዎ አለው። ኮምፒውተሩ ምንም ሳያቃስት ወዲያው ጠፋ፤ ክፍሉ ውስጥ የሚሰማውም የስፌት መኪናው ብቻ ሆነ።